ዶሮ የጫረው ዝርዝር

ማንግሲር 2 ቀን 2069 (በኔፓል አቆጣጠር)

ኮምፒዩተሩ ለመነሳት አርባ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል።

ካንቻ፣ ታናሼ፣ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። ጎሿ ወልዳለች፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ጉልበቴ ያው ነው። ለወንድሞች ቀን አለመምጣትህን እኔ አልቆጠርኩብህም፤ ሰፈሩ ግን ቆጥሮብሃል። በዕለቱ አንገትህ ላይ የማጠልቀውን የአበባ ጉንጉን ሠርቼ ነበር። ፎቶህ ላይ ልሰቅለው ስል አክስታችን "ለሞተ ሰው ነው ፎቶ ላይ የሚሰቀለው!" ብላ እጄን መታችኝ። ቢሮ ወስጄ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰቀልኩት። እሱም አንድ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ለሁለታችሁ ይበቃል።

በአውቶቡስ ሾፌሩ በጋምቢር በኩል ለጠየቅከኝ፦ ማሽኑ የ2060 ነው። የደን ኮሚቴው ቢሮ ሲከፈት ፕሮጀክቱ የሰጠን ያው ነው፤ እኔም ጸሐፊ የሆንኩት በዚያው ቀን ነው። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ፊደል መትቼ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ነው ፊደሉ የሚወጣው። ፋይል ልክፈት ስል ያ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ምልክት ይመጣና ይቀመጣል። እንግዳ ነው ብዬ ብታገሠውም አይሄድም። ላትም ስል ጭራሽ ይደርቃል። አምስት ጊዜ ሞክሬያለሁ።

በስልክ አትንገረኝ። ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ነው፤ እዚያ ሆኜ እሺ እሺ እልሃለሁ፣ ወርጄ ቢሮ ስደርስ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው እሺ ብቻ ነው። ጻፈው። ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን አቁሜ እያነበብኩ እሠራለሁ።

ሊቀመንበሩ ዳምበር ካርኪ ትናንት በረንዳው ላይ ቆሞ፣ "ጃስማያ፣ ይሄን ሬሳ ለምን አትቀብሪውም?" አለኝ።

"ገና ይተነፍሳል" አልኩት።

"አማቼ ገበያው ውስጥ አዲስ ማሽን አለው። መዝገቡን በሙሉ ለሱ ስጪውና እሱ ይያዘው።"

"መያዙንስ ይይዘዋል" አልኩት።

ከመጪው ወር፣ ከፑሽ 12 በፊት መሥራት አለበት። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። አዲስ ልላክልሽ እንዳትለኝም። ይሄኛው ይሠራል።

ታላቅ እህትህ ጃስማያ

 

ማንግሲር 9 ቀን፣ ካትማንዱ

ዲዲ፣ ታላቅ እህቴ፣ ግንባሬን እግርሽ ላይ አድርጌ ሰላም እላለሁ።

ይቅርታ። ሱቁ አልለቀቀኝም እልሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ አላምንህም ትያለሽ፤ በዚሁ እንለፈው። ጉንጉኑን ከማሽኑ ላይ አንሺው፤ አበባው አየር ማስወጫውን ይደፍነዋል።

አዎ፣ ይድናል። ምናልባት ቫይረስም አለበት፤ ቢኖርበትም ባይኖርበትም ሥራው አንድ ነው። ማሽኑ አልታመመም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕቃ የገባበት፣ አንድም ዕቃ ያልወጣበት ቤት ነው። አንዱን ጥግ ስታጸጂ ሌላው ይከመራል። የሚሻለው ሁሉን አውጥቶ፣ ወለሉን አጥቦ፣ እንደ አዲስ መግባት ነው። እኛ ፎርማት ማድረግ እንለዋለን።

ጋምቢር አንድ ካልሲ ይሰጥሻል። ካልሲው ንጹህ ነው። ውስጡ ሲዲ፣ ፍላሽ፣ እና ጣት የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ አለች። ሰሌዳዋ ሚሞሪ ናት፤ ከሞተ ማሽን ነቅዬ ነው፤ ከድሮዋ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ትገባለች። መጀመሪያ ገመዱን ከግድግዳው ንቀይ። ሽፋኑን ፍቺና አቧራውን አውጪ። በአፍሽ አትንፊ፣ ምራቅ ይገባበታል፤ የብስክሌት መንፊያ ተዋሺ። ከዚያ ሰሌዳዋን ቀጭ እስክትል ተጫኚያት። ያን ከጨረስሽ ማሽኑን አስነሺና የኮሚቴውን ፎልደር በሙሉ ወደ ፍላሹ ገልብጪ። ቀኑን ሙሉ ቢፈጅም ጠብቂው።

ሲዲውን ገና አታስገቢ። እሱን በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ሁለት ጊዜ አንብቢው፦ ያልገለበጥሽው ነገር አይመለስም።

ለምን ብለህ አትጠይቀኝ ብለሻል። አልጠይቅም። ግን ዲዲ፣ ለምን? ደግሞ ማሽኑ እምቢ ካለ ፍላሹን ላኪልኝና ዝርዝሩን እዚሁ ላትመው አይቻልም?

ካንቻ

 

ማንግሲር 17 ቀን

ካንቻ፣

ካልሲው ደርሷል። ንጹህ አይደለም።

ማሽኑ ውስጥ ያገኘሁት፦ ሦስት የእንሽላሊት እንቁላል፣ አንድ የአይጥ ጎጆ፣ የስክሪፕቶ ክዳን። ቀሪው አቧራ ነው። በረንዳው ላይ አውጥቼ በመንፊያ ስነፋው ፉልመቲ ሳቅ ገደላት። "ዲዲ፣ ኮምፒዩተር ነው ወይስ ጎተራ?" አለችኝ። ፉልመቲ ፓሪያርን ታስታውሳታለህ፤ የታችኛው መንደሯ ልብስ ሰፊ፣ የትምህርት ቤት ሱሪህን የሰፋችልህ። ሰሌዳዋን ስጫናት ሁለት ጊዜ ቀጭ አለች። አንዱ የኔ ጣት ነው።

ፎልደሩ በሙሉ ተገልብጧል። ከጠዋት እስከ መብራት መጥፊያ ድረስ ፈጀ፣ በማግስቱም ደገምኩት።

ጠይቀሃልና ልንገርህ። ፑሽ 12 ጠቅላላ ጉባኤ ነው። የደኑ ደንብ ይታደሳል፣ የአባላት ዝርዝርም አብሮ ይጸድቃል። በድሮው ዝርዝር ውስጥ ያለ ቤት ይቀጥላል። የሌለ ቤት እንደ አዲስ ያመለክታል፤ ማመልከቻውን የሚያየው ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴው ማለት ዳምበር ነው። መቶ ሰባ አራት ቤት ነን። የመጨረሻዎቹ አሥራ ዘጠኙ የታችኛው መንደር ናቸው፣ ቀጥቃጮቹና ሰፊዎቹ። ከስድስት ዓመት በፊት ስማቸውን ሳስገባ ግማሹ ጉባኤ ረግጦ ወጥቶ ነበር። ከእጃቸው ውሃ የማይጠጣ ሰው ደን ከነሱ ጋር አይካፈልም። የቀረው ግማሽ ግን ድምፅ ሰጠ፣ አለፈ። ቀጥቃጩ ቢርጄ ከደኑ ከሰል ካላወጣ ማጭድ የለም፤ ማጭድ ከሌለ ቤቱ ውስጥ የሚበላ የለም።

ቃለ ጉባኤው የት አለ ልትል ነው። ባለፈው ክረምት ዳምበር ላስጠርዘው ብሎ ወሰደው፤ አሁን ጎርፍ ወሰደው ይላል። የወረዳው ቅጂ ደግሞ ከተዛወረው የደን ጠባቂ ጋር ሄዷል ይሉኛል። የቀረው እዚህ ሬሳ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ካትማንዱ ማተም ያልከውን እኔም አስቤው ነበር። ዳምበር ቀድሞኝ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፏል፦ "ከኮሚቴው ማሽን ያልወጣ ዝርዝር ተቀባይነት የለውም።" ማሽኑ ማተም እንደማይችል ያውቃላ!

ይሄን ሁሉ በመጀመሪያው ደብዳቤ ያልጻፍኩት ተናደህ ጋምቢር ላይ ስለምትጮህበት ነው።

አጥቤ እንደ አዲስ ካስነሳሁት በኋላ ያውቀኛል? ወይስ ለሱም አዲስ ሰው ነኝ? ሞኝ ጥያቄ ከሆነ እለፈው።

ጃስማያ

 

ማንግሲር 24 ቀን፣ ካትማንዱ

ዲዲ፣

ጮኼበታለሁ። ይቅርታ በይልኝ።

አያውቅሽም። ስምሽን ራሱ ይጠይቅሻል፣ ትነግሪዋለሽ፤ ከዚያ ያውቅሻል።

ሲዲውን አስገብተሽ አስነሺው። የሆነ ቁልፍ ተጫኚ ሲልሽ ፈጥነሽ ተጫኚ፣ አይጠብቅም። ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ አትደንግጪ፣ አልተበላሸም። አሮጌውን ልደምስሰው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቅሻል። ሁለቱንም ጊዜ አዎ። ከዚያ "ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ቀረ" ይላል። ውሸቱን ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የናንተ መብራት ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ከሆነ ልክ በመጣበት ደቂቃ ጀምሪ። መሐል ላይ ከሄደብሽ እንደገና ከዜሮ ነው።

ፋይሎቹ ፍላሹ ላይ ካሉ በቂ ነው። ሌላ የምታስቀምጪው ነገር የለም። ደምስሺው።

እዚህ ደህና ነው። ከአገር ቤት አንድ እንግዳ መጥቶ ነበር፣ መንደሪን ይዞልኝ። ስለሱ ሌላ ጊዜ።

ካንቻ

 

ፑሽ 1 ቀን

ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። የአሸዋው ሰዓት ብልጭ ብሎ ይሄዳል። ድምፁ እንኳ ተለውጧል፤ ቢርጄ ጆሮውን አስጠግቶ "ወናፉ ተጠግኗል" አለ።

ካንቻ፣ ጥፋቱ ከዚህ በኋላ ነው። ደስ ስላለኝ ኮሚቴውን በሙሉ ጠራሁ። ትዕቢት ነበር። ዳምበርና ሌሎቹ ሰዎች መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ፍላሹን ሰካሁ፣ የአባላቱን ዝርዝር ከፈትኩ፣ ፕሪንት አልኩት። ያ አሮጌ ፕሪንተር እየጮኸ ዘጠኝ ገጽ አወጣ።

አንድም የኛ ፊደል የለውም። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛም አይደለም። ኬ፣ ኤም፣ ጭረት፣ ሰረዝ፣ ቅንፍ። የቤት ቁጥሮቹ ቃለ አጋኖ ሆነዋል።

ዳምበር ገጹን ወደ ብርሃኑ አነሳው። "ስም ነው ወይስ ዶሮ የጫረው?" አለ። ከዚያ ለሌሎቹ፣ "ዝርዝራችን እንግሊዝኛ ተምሯል። ከዛሬ ጀምሮ በሄሎ ነው የምናዋራው።"

ሳቁ። ገንዘብ ያዡ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"ፊደሉ ነው የተቀየረው እንጂ ስሞቹ እዚያው ናቸው" አልኩ።

"የታለ ቢርጄ? አሳዪኝ።"

ማሳየት አልቻልኩም። ቢርጄ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

ዳምበር የኮሚቴውን ማኅተም አስመጣ። ዘጠኙንም ገጽ አንድ በአንድ መታቸው፣ ፈረመባቸው፣ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በትልቁ ጻፈ፦ "ይህ ከኮሚቴው ማሽን በጸሐፊዋ እጅ የወጣው የአባላት ዝርዝር ነው። ሕዝብ ይፍረድ።" ወስዶ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተርታ ለጠፋቸው። ሰው እስካሁን ሰልፍ ይዞ ያያል። ልጆች ጮክ ብለው ሊያነቡት ይሞክራሉ።

አሁን ኮረብታው ላይ ወጥቼ እደውልልሃለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እሱን በወረቀት አልጽፈውም።

ጃስማያ

 

ፑሽ 4 ቀን፣ ካትማንዱ

ዲዲ፣

መልስ ሳልሰጥሽ መስመሩ ተቋረጠ። አዘውህ ነው ወይስ ረስተህ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ፣ ይኸው፦ ረሳሁ። ማንም አላዘዘኝም። ረሳሁ።

ፎንት ነው የረሳሁት። እዚያ ማሽን ላይ የኛ ፊደል ልብስ ብቻ ነው። "መ"ን ስትመቺ ማሽኑ የሚያስቀምጠው ዲ ነው፤ ፎንቱ ዲውን "መ" አልብሶ ያሳይሻል። ስሞቹ አሁንም አሉ፣ ራቁታቸውን ናቸው። ልብሱ ደግሞ ከድሮው ወለል ጋር ታጥቦ ሄዷል። ሌላ የምታስቀምጪው የለም ያልኩሽ እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ አሥር ዓመት ሆኖኛል፤ የመጀመሪያ ሳምንት ተለማማጅ የሚያውቀውን ነው የረሳሁት።

እንግዳውን ግን አልረሳሁትም። የዳምበር የወንድም ልጅ ነበር። ማንግሲር 20 ሱቅ መጣ። "እህትህን ማሽኑ አይድንም በላት፣ ሌላ አንፈልግም" አለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒዩተር ሥራ እንዳለ፣ ሰው እንደሚያውቅ ነገረኝ። ዲዲ፣ ውጣ አላልኩትም። አስብበታለሁ አልኩት። አራት ቀን አሰብኩበት። በአራተኛው ቀን ደብዳቤውን ጻፍኩልሽ፣ ከነትክክለኛ መመሪያው፣ ከነስህተቱ። መንደሪኑን ግን በልቼዋለሁ። እንዳትጠይቂኝ የፈራሁት ይሄን ነበር።

ፎንቱን እየፈለግኩ ነው። የናንተ የፕሮጀክቱ ሰዎች ያሻሻሉት ስለነበር ሱቅ ውስጥ ያለው አንዳንዱን ፊደል ያዛባል፤ ለስም ደግሞ አንድ ፊደልም ብዙ ነው። ነገ አገኘዋለሁ። ችግሩ ከነገ ጀምሮ የመንገድ አድማ ተጠርቷል፤ አውቶቡስ አይንቀሳቀስም። ይሄን ጋምቢር በመጨረሻው ጉዞ ያደርስልሻል። ሲዲው ከአድማው በኋላ ነው። እስከ 12 ይደርሳል ብዬ አልምልልሽም።

ገጾቹን ከሰሌዳው አንሺያቸው። እያዩሽ አይሳቁብሽ። ደግሞ ስለ ፎንቱ ለማን ለማን እንደነገርሽ ጻፊልኝ።

ካንቻ

 

ፑሽ 8 ቀን

ካንቻ፣

ይሄን የሚያደርስልህ የአምቡላንስ ሾፌር ነው፤ አድማውም ለሱ መንገድ ይለቃል። በሽተኛዋን እንዳትቀሰቅስ ቀስ ብለህ ተቀበለው።

አምኜሃለሁ። መንደሪኑን መብላትህ ልክ ነው፤ ዳምበር ግቢ ውስጥ መንደሪን የለም፣ የለቀመው ከኛው ዛፍ ነው። አራቱን ቀን ግን መጥተህ ፊቴ ቆመህ ትነግረኛለህ።

ገጾቹን አላነሳሁም። አላነሳም። ስማ።

ደብዳቤህን ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ዲው "መ" ነው ብለሃል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ዓይኔ ያረፈበት፦ ኬ፣ ኤም፣ ሁለት ጭረት፣ ኤን፣ ዲ፣ ቲ፣ ኤል። ሳላስበው ጣቶቼ ቀሚሴ ላይ መቱት። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ። ፉልመቲ። ዓይኔ ምንም አላነበበም፤ ያነበበው ጣቴ ነው። እኔ እኮ ታይፕ የተማርኩት ኮምፒዩተር ሳይመጣ ነው፣ በ2042፣ የመሬት ቢሮው በረንዳ ላይ፣ በአጎት ሐስታላል፣ በካካ፣ የጽሕፈት መኪና። ፕሮጀክቱ ኮምፒዩተሩን ሲያመጣ ቁልፎቹ የድሮ ቦታቸው ላይ ስለነበሩ ነው በአንድ ቀን የለመድኩት።

ዘጠኙንም ገጽ ቆሜ አነበብኩ። መቶ ሰባ አራት ቤት። አንድ አልጎደለም።

እኔ ማንበቤ ግን ምንም አይጠቅምም፤ ከራስሽ ፈጠርሽው ይላሉ። ኪቦርዱን ነቅዬ በብብቴ ይዤ ካካ ጋ ሄድኩ። ያው እንደምታውቀው ነው፣ ውል ጻፊው፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ። ከኤቢሲ አንድም አያውቅም።

"ካካ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።"

"ውል ነው?"

"አይደለም። ከዚህ ወረቀት ላይ ምልክቱን ታያለህ፣ እዚህ ኪቦርድ ላይ ያንኑ ምልክት ትፈልጋለህ፣ ያንተ መኪና ላይ እዚያው ቦታ ያለውን ቁልፍ ትመታለህ።"

"በሰባ አንድ ዓመቴ እንግሊዝኛ ልታስተምሪኝ?"

"አታንብበው። ቦታውን ብቻ እይ።"

ቀድቼ የወሰድኩለትን መስመር ፊቱ አስቀመጥኩ። አንገቱን እያመላለሰ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ሲጨርስ ወረቀቱን አወጣና ወደ መነጽሩ አስጠግቶ አየው። ከዚያ በመንገድ ለምታልፈው ፉልመቲ ጮኸ፦ "አንቺ! እዚህ መኪና ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?"

ሁለተኛ የሰጠሁት የዳምበርን ነው። ስሙ በስምንት ቁጥር ይጀምራል። ካካ ስምንትን ሲመታ "ደ" ወጣች፤ ጨርሶ ሲያየው መነጽሩን አወለቀ። ፉልመቲ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊቀመንበሩን "ስምንት" ነው የምትለው። "ስምንት አለፈ"፣ "ስምንት ዛሬ ኮት ለብሷል።"

አሁን ገጾቹን ለምን እንደማላነሳ ገብቶሃል? ንጹህ ዝርዝር ባመጣ ትናንት የጻፍሽው ነው ይለኛል። ይሄንን ግን ከማሽኑ ሲወጣ ራሱ ቆሞ አይቷል፤ ራሱ ማኅተም መትቶበታል፤ ራሱ "የአባላት ዝርዝር ነው" ብሎ ጽፎበታል። ዘጠኝ ጊዜ ፈርሟል። በጉባኤው ቀን የፈለገውን መስመር ይምረጥ፤ ካካ እያየው በጽሕፈት መኪናው ይመታለታል።

ሲዲውን ላክ፤ ግን በፕላስተር አሽገውና የታሸገበት ላይ ፈርምበት።

ለጠየቅከው፦ ከካካና ከፉልመቲ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ፉልመቲ የስፌት መኪናዋን አምጥታ ሰሌዳው ሥር ተክላለች። ትናንት ዳምበር፣ "እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት።

"ፀሐይ እሞቃለሁ፣ ዳይ፣ ወንድሜ። ለፀሐይም ዝርዝር አለው እንዴ?"

ጃስማያ

 

ፑሽ 12 ቀን፣ ጠዋት

አድማው አብቅቶ ሲዲው ንጋት ላይ ደረሰ። አልከፈትኩትም።

ጋምቢር "ወንድምሽ ሳልተኛ ነው ያገኘሁት ብሏል" አለኝ። ተኛ። ሲዲው እንደታሸገ ጉባኤው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ካካ ከመታ በኋላ የሚጠራጠር ሰው ካለ እዚያው ይክፈተውና ያወዳድር። ቀድሜ ከከፈትኩት የኔ ወረቀት ይሆናል፤ ካልከፈትኩት የሁሉም ነው።

ትናንት የሆነውን ከሌላ ሰው ሳትሰማ ልንገርህ። ካካ አፉን መያዝ አልቻለም፤ ሻይ ቤት ውስጥ "የሊቀመንበሩን ስም በስምንት ቁጥር ጻፍኩት" ብሎ ሲያወራ የዳምበር አማች ሰማ። ብዙም ሳይቆይ ዳምበር እየሮጠ ሰሌዳው ጋ ደረሰ። ደርሶም የመጀመሪያውን ገጽ ገነጠለና አራት ቦታ ቀደደው። ሁለተኛው ላይ እጁን ሲያሳርፍ ፉልመቲ መቀሷን እንደያዘች ከመኪናዋ ተነሳች።

"ዳይ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው እኮ" አለችው።

"ቆሻሻ ነው። ዶሮ የጫረው ነው።"

"ታዲያ ለዶሮ ጭረት እንዲህ ይሮጣል?"

ሰው ተሰበሰበ። የትምህርት ቤቱ መምህር መጣ፣ ገንዘብ ያዡም መጣ። ገንዘብ ያዡ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ስምንቱን ገጽ በነሱ ፊት አንስቼ ቆጠርኩ፣ ፉልመቲ በቀይ ጨርቅ ሰፋቻቸው፤ ጥቅልሉ መምህሩ ቤት አደረ።

አሁን ዳምበር ምን እንደቀደደ ልንገርህ። የታችኛው መንደር ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነው፤ አንድም አልተነካም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለነው የኮሚቴው አባላት ነን፣ አሥራ አንዳችን። አንደኛው መስመር እሱ ነው። ሁለተኛው እኔ።

ፉልመቲ ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ከመቶ ሰባ አራት ቤት ራሱን መርጦ ቀደደ!"

ጸሐፊ ነኝና የማንንም ስም አላስቀርም። ስለዚህ ጠዋት ቢሮ የመጣሁት ያንን አንድ ገጽ ደግሜ ላትም ነው። ማኅተም ባይኖረውም ጠረጴዛው ላይ ይኑር ብዬ ነው። ማሽኑ በሁለት ደቂቃ ተነሳ፤ የዘገየው ፕሪንተሩ ነው፣ ቀለሙ ደርቆ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ይሄን የምጽፍልህም እሱን እየጠበቅኩ ነው። ለአራት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ቀርቷል፣ በአራት መብራቱ ይሄዳል። የታችኛው መንደር ሰዎች በረንዳው ላይ ናቸው። ቢርጄ የካካን የጽሕፈት መኪና ጀርባው ላይ አዝሏል፣ ካካ ደግሞ "ቀስ! እንደ ሙሽራ ነው የምትይዛት!" እያለ ይዞረዋል። ማንም አይቀመጥም።

ፕሪንተሩ ጀመረ። ርዕሱ ወጣ። የመጀመሪያው መስመር...

መብራቱ ሄደ።

ወረቀቱ ፕሪንተሩ አፍ ውስጥ ቀርቷል። ከርዕሱ በታች አንዲት ስምንት ቁጥር አለች፣ ከሷ በኋላ ነጭ ነው።

ካካ ከበሩ ይጣራል፦ "ነይ እንጂ ልጄ! መብራቱን ልትጠብቂ ነው?"

አልጠብቅም። የኔም ስም እዚያው ይቅር። ዳምበር ስሜ የት አለ ካለኝ እንደ አዲስ ያመልክት፤ ማመልከቻውን ቁጭ ብዬ እጽፍለታለሁ።

ጋምቢር ጥሩንባውን ይነፋል፤ ይሄን ለሱ ሰጥቼ ወጣሁ።